ጠገራው ብር በቡሬና በዳሞት ገበያ

በቤተ ክርስቲያናችን ሥርዐት «ገበዝ» የሚለው ስም ሁለት ነገር ያመለክታል፤ አንደኛው ራሱ ታላቁ ደብር ነው፤ ሁለተኛው ደግሞ የደብሩን ንዋየ ቅድሳት፣ ምእመናን ያገቡትን መባና ስለት፣ በዕቃ ቤት ተቈልፎ የሚኖረውንም ገንዘብ ሁሉ በአደራ ተቀብሎ የሚጠብቀው ሹም ነው። ስለዚህም በፍኖተ ሰላምና በቡሬ ወገን ሳልፍ ገበዝ ማርያም የሚለውን ስም በሰማሁ ቍጥር፣ የስሙን አወጣጥ መተረክ የአገሩ ሊቃውንት ድርሻ መሆኑን ባውቅም፣ ሕሊናዬ ሳልጠራው ወደ አንድ ሽማግሌ ካህን ይሄዳል፤ ይኸውም በክብረ በዓል ማግሥት፣ ሕዝቡ ከተበተነ በኋላ፣ በዕቃ ቤቱ ደፍ ላይ ተቀምጦ ከሙዳየ ምጽዋቱ የወጣውን ብር አንድ በአንድ እያነሣ ወደ ብርሃን የሚያቀና፣ ጠርዙን በጥፍሩ የሚዳብስ፣ ድንጋይ ላይ ጣል አድርጎም ድምፁን የሚያዳምጥ ሰው ነው።

ያ ሽማግሌ ያደርገው የነበረው ሥራ፣ ዛሬ ከአያቱ ሣጥን ሥር ያገኘውን አሮጌ ብር በመሐረብ ቋጥሮ ወደ ፒያሳ ወርቅ ቤቶች የሚወርድ ጐልማሳ «ይህ ስንት ያወጣል?» ብሎ ሲጠይቅ ባለሱቁ ከሚያደርገው ሥራ ብዙ የሚለይ አይደለም። እኛ ግን ጥያቄውን የዘመናችን ጥያቄ አስመስለነዋል፤ አባቶቻችን ብርን ቈጥረው ብቻ የሚቀበሉ፣ ዋጋውም አንድ ጊዜ ተወስኖ ያደረ ይመስለናል። ነገሩ እንዲህ አልነበረም። በዳሞትና በቡሬ ገበያ ብር ከእጅ ወደ እጅ ባለፈ ቍጥር እንደ ገና ይመረመር፣ እንደ ገና ይገመት ነበር፤ ገማቾቹም ገበዙ፣ ነጋዴውና አንጥረኛው ሲሆኑ፣ ሦስቱም በአንዱ ብር ላይ የሚፈልጉት ነገር የተለያየ ነበር።

የአክሱም ነገሥታት ከእንዱቢስ ጀምሮ ወርቅ፣ ብርና መዳብ እያስመቱ በስማቸውና በመልካቸው እንዳስገበዩ የታወቀ ነው፤ ዳሩ ግን ያ ጥበብ በሰባተኛው መቶ ዓመት ገደማ ከተቋረጠ ወዲህ፣ ከአንድ ሺህ ዓመት በላይ ለሚሆን ዘመን የኢትዮጵያ ንጉሥ በስሙ ያስመታው ገንዘብ በአገሩ አልተገበየም። በዚያ ረጅም ዘመን የጎጃም ሰው የሚሸጠውንና የሚገዛውን የለካው በአሞሌ ነው። አሞሌ ከአፋር በረሓ፣ ከአርሆ ሜዳ ተቈርጦ፣ በግመልና በበቅሎ ተጭኖ፣ ስንቱን ኬላ አልፎ ጎጃም እስኪደርስ ድረስ በየመንገዱ እየከበረ የሚሄድ የጨው ጡብ ነበር፤ በመጣበት ርቀት ልክ ዋጋው ይጨምራል፤ ክረምት ገብቶ ወንዞች ሲሞሉና ሲራራው ሲቋረጥ ይወደዳል፤ ማዕዘኑ የተሸረፈ፣ እርጥበት ያገኘው፣ ወይም ከመካከሉ የተሰበረ ከሆነ ግን ባለቤቱ ቢምል ቢገዘት ሙሉ ዋጋውን አያገኝም። እንግዲህ የዳሞት ባላገር ብርን ገና ሳያይ ገንዘብን በዓይኑና በጣቱ መመርመር ከአሞሌ ተምሮ ቆይቷል ማለት ነው። ብር ሲመጣለት የለወጠው ዕቃውን እንጂ ልማዱን አይደለም።

ቡሬ በዚህ ንግድ ውስጥ የነበራት ስፍራ ቀላል አልነበረም። ከዓባይ ማዶ ከጉድሩ፣ ከሊሙ እናርያና ከዚያም ወዲያ ካለው አገር የሚመጣው ቡና፣ ዝባድ፣ የዝሆን ጥርስና ወርቅ፣ በዚያ ዘመንም እንደ ሸቀጥ ይነዳ የነበረው የሰው ልጅ ሳይቀር፣ ዓባይን ተሻግሮ ወደ ጎንደርና ወደ ምጽዋ ሲጓዝ ከሚያልፍባቸው የጎጃም ገበያዎች መካከል ባሶና ቡሬ ዋናዎቹ ነበሩ። በ1830ዎቹ ዓ.ም. በየጁቤ ተቀምጦ የነበረው እንግሊዛዊው ቻርልስ ቢክ የባሶን ገበያ በሰፊው ጽፎለታል። ሲራራ ነጋዴው ብዙውን ጊዜ እስላም ስለ ነበረ ገበዙ የሚጠብቀውን የቤተ ክርስቲያን መባ ብር ወደ አገሩ ያመጣው በአመዛኙ የጀበርቲው በቅሎ ነው ብንል ከእውነት አንርቅም፤ በዚህ የሚደነቅ ካለ የጎጃምን ገበያ አያውቅም።

አሁን ወደ ብሩ እንምጣ። ጠገራ ብር ብለን የምንጠራው፣ ከተሜውም ማርትሬዛ የሚለው ገንዘብ፣ የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ መልክ የተቀረጸበት ነው። መጀመሪያ የተመታው እ.ኤ.አ. በ1741 ሲሆን፣ ንግሥቲቱ በ1780 ከሞተች በኋላ ግን መልኳም ዓመተ ምሕረቱም ሳይለወጥ «1780» እንደ ተባለ እስከ ዛሬ ሲመታ ይኖራል። ክብደቱ 28.07 ግራም ያህል ነው፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ጥሩ ብር፣ የቀረው መዳብ በመሆኑ፣ በአንዱ ጠገራ ውስጥ ያለው ንጹሕ ብር 23.39 ግራም ይደርሳል። በአንድ ፊቱ የንግሥቲቱ ደረት፣ በሌላው ፊቱ ባለሁለት ራስ ንስር ጋሻውን ታቅፎ ይታያል፤ በጠርዙ ዙሪያ ደግሞ «በጽድቅና በምሕረት» ማለት የሆነው የንግሥቲቱ መሪ ቃል በላቲን ፊደል ጐልቶ ተጽፏል። ይህ የጠርዝ ጽሕፈት ለጌጥ ብቻ የተደረገ አይደለም፤ በጠርዙ እየፋቁ ብር የሚሰርቁትን ወንበዶች ለመከላከል ነው፤ ጽሕፈቱ ከተፋቀ ሌብነቱ ወዲያው ይታወቃልና።

በኦስትሪያ ራሷ ይህ ገንዘብ እ.ኤ.አ. በ1858 ሕጋዊነቱ ቀርቷል። ነገር ግን ለቀይ ባሕርና ለሐበሻ ገበያ የቪዬና ማተሚያ ቤት መምታቱን አልተወም፤ በ1860 ዓ.ም. የእንግሊዙ ጄኔራል ናፒየር ወደ መቅደላ ሲዘምት እንኳ የገዛ መንግሥቱ ገንዘብ በአገራችን እንደማያራምደው ዐውቆ በሚሊዮን የሚቈጠር ጠገራ በቪዬና አስመትቶ ይዞ መጥቷል። በጠቅላላው እስከ ዘመናችን ድረስ ከ300 ሚሊዮን በላይ እንደ ተመታ ይገመታል። ለግመታችን መጀመሪያ የሚሆነው እንግዲህ ይህ ነው፤ ጠገራው ላይ የተጻፈው ዓመት ስለ ጠገራው ዕድሜ የሚነግረን አንዳች የለም። «1780» የሚለው ብር በቀዳማዊ አፄ ተክለ ጊዮርጊስ ዘመነ መንግሥት የተመታ ሊሆን ይችላል፤ ከጥቂት ዓመት በፊት ከቪዬና ማሽን ትኩሱን የወጣም ሊሆን ይችላል። ብዙ የዋህ ሰው ዓመቱን አይቶ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የቆየ ቅርስ አገኘሁ» ብሎ ዘሎ፣ ዋጋውን ሲሰማ ዐንገቱን ደፍቶ የሚመለሰው ከዚህ የተነሣ ነው።

የገበያችን ሰው ግን ዓመቱን አንብቦ አልተታለለም፤ ማንበቡንም አልፈለገውም። እርሱ የሚያየው ሌላ ነበር። ከኦስትሪያ ግዛቶች አንዱ በነበረው በጉንትስቡርግ የተመታው ብር ከንግሥቲቱ ደረት በታች «ኤስ. ኤፍ.» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ነበሩበት፤ እነዚህም የሁለቱ የማተሚያ ቤት ሹሞች፣ የሾብልና የፋቢ ስም መነሻዎች ናቸው። ሹሞቹ ካረፉ፣ ማተሚያ ቤቱም ከተዘጋ በኋላ የሚመታው ሁሉ ፊደላቱን እንደ ያዘ ቀጠለ፤ ምክንያቱም ያለ እነርሱ ብሩን የሚቀበል ገበያ አልተገኘም። የዳሞት ባላገር ፊደላቱን ማንበብ አይችልም፤ ነገር ግን በታቦት መጐናጸፊያ ላይ ያለውን መስቀል እንደሚያውቅ ሁሉ ቅርጻቸውን ያውቃቸዋል፤ የጐደለ ቢሆን ይደነግጣል። ከዚያም ንግሥቲቱ በትከሻዋ ላይ የሰካችውን ጌጥ አቅርቦ ይመለከታል፤ በጌጡ ዙሪያ ያሉት የዕንቍ ነጠብጣቦች ዘጠኝ መሆናቸውን ይቈጥራል፤ በጠጕርዋ ላይ ያለው የዕንቍ ድርድር አለመፋቁን ይዳብሳል። ነጠብጣቡ የጠፋበት፣ ደረቷ የላሸ ብር «አሮጌ ነው» ተብሎ ይመለሳል ወይም ቅናሽ ይጠየቅበታል፤ እጅግ የሚያብረቀርቀው ደግሞ «ይህ ከወዴት መጣ?» ተብሎ ቈርቈሮ ወይም እርሳስ እንዳይሆን ይጠረጠራል። ስለዚህ የሚወደደው ብር በጣም ያላረጀ፣ በጣምም ያልታደሰ፣ በመጠኑ እጅ የለመደ ብር ነበር።

የአውሮጳ መንገደኞች ይህን ሥርዐት በጽሑፋቸው እየጠቀሱ ስቀውበታል፤ ባላገሩ ያንኑ ያህል ክብደት ያለውን ብር ነጠብጣብ ጐደለው ብሎ ሲመልስ ሞኝነት መስሏቸው ነው። እኔ ግን ሞኞቹ እነርሱ ናቸው እላለሁ። ባላገሩ ያንን ብር የሚመልሰው በውስጡ ያለው ብር ማነሱን ብቻ አስቦ አይደለም፤ ነገ እርሱ ራሱ በሬ ሊገዛ ሲወጣ ሻጩ እንደሚመልስበት ዐውቆ ነው እንጂ። ሚዛን የሌለው ሰው ገንዘብን የሚመዝነው በሌላው ሰው ዓይን ነው፤ በዘመኑ ገበያ ሁሉ ይህ ሕግ የታወቀ ሆኖ ሳለ የእኛን ባላገር ለይቶ ማላገጥ ፍትሐዊ አይደለም።

ሚዛን የሌለው አልሁ እንጂ፣ ነጋዴው ሚዛን ነበረው፤ የሚገርመውም የሚዛኑ ድንጋይ ራሱ ብሩ መሆኑ ነው። ወቄት የምንለው መለኪያ በብዙ ገበያ በአንድ ጠገራ ክብደት ይወሰን ነበርና፣ ወርቅ ገዢው በአንዱ ሰሐን ላይ ጠገራ፣ በሌላው ላይ ወርቁን አድርጎ ያመዛዝናል። ዝባዱም በዚሁ ዐይነት ይመዘናል። እንግዲህ ጠገራው በአንድ ጊዜ ገንዘብም፣ ዕቃም፣ መስፈሪያም ነበረ፤ ተፍቆ ቢቀልል የሚዛባው የራሱ ዋጋ ብቻ ሳይሆን በእርሱ የሚለካው ወርቅ ሁሉ ነው። በዚህ ላይ ደግሞ ለድሀው እጅግ የገዘፈ ገንዘብ ነበር፤ ሽንኵርትና በርበሬ በጠገራ አይገዛም። ለዝርዝሩ አሞሌ፣ ኋላም ጥይት ሳይቀር ያገለግል ነበር። ለሀብታሙ ግን ክብደቱ ራሱ መከራ ነው፤ አንድ ሺህ ብር 28 ኪሎ ይመዝናልና፣ ጥቂት ሺህ ብር ይዞ ዓባይን የሚሻገር ነጋዴ ያለ በቅሎና ያለ ጠብመንጃ አይንቀሳቀስም።

የሦስተኛው ገማች የአንጥረኛው ዓይን ከሁለቱ ይለያል። አንጥረኛ ንግሥቲቱን አይመለከትም፤ ዕንቍዋንም አይቈጥርም። ለእርሱ ጠገራው በእሳት የሚቀልጥ ጥሬ ነው፤ በውስጡ ያለው መዳብ ብሩን ስለሚያጠነክርለት ለሰንሰለትና ለመስቀል የተመቸ ነው። የአገሩ ሴት ድሪ ወይም አልቦ ልታሠራ ስትፈልግ ስንት ጠገራ እንደሚያስፈልጋት ቈጥራ ራሷ ታመጣለች፤ እጀ ሠሪው የሚከፈለው የእጁን ዋጋ ነው። ጌጡም ተሠርቶ ሲያልቅ በሰጠችው ብር ልክ መመዘን አለበት፤ ጐድሎ ቢገኝ ጠብ ነው። በየደብሩ ያለው ጸናጽል፣ የመጾር መስቀሉ፣ የመቋሚያው ራስ፣ ከነዚህ ብዙው ትናንት የገበያ ብር የነበረ ነው። ገበዙ የመባውን ብር ቈጥሮ ለአንጥረኛ ሲሰጥ፣ መስቀሉንም መዝኖ ሲቀበል፣ ንግሥተ ኦስትርያ በአገራችን መስቀል ሆና ትወለዳለች። ይህን ሁሉ የሚያደርገውን አንጥረኛ ግን ሰው ቡዳ እያለ ይሸሸው ነበር፤ በእጁ የተሠራውን መስቀል እየተሳለመ እጁን መንቀፉ የኅብረተ ሰባችን ትልቅ ነውር ነው፤ ሳልጠቅሰው ማለፍ አልወደድሁም።

አፄ ምኒልክ በራሳቸው መልክ ገንዘብ ለማስመታት ሲወስኑ ነገሩን በጥንቃቄ አስበውታል። በፓሪስ ያስመቱት ብር 28.075 ግራም ሆኖ ከሺህ እጅ 835ቱ ጥሩ ብር ነበርና፣ ከጠገራው ጋር ጐን ለጐን ቢመዘን እንዳያንስ፣ እንዲያውም በጥቂቱ እንዲበልጥ ታስቦ የተደረገ ነው። «፲፰፻፹፯» የሚል በግእዝ አኃዝ የተጻፈ ዓመት፣ በአንድ ፊቱ የንጉሠ ነገሥቱ መልክ፣ በሌላው ዘውድ የደፋ አንበሳ አለበት። ዝርዝሩም ተሟልቶ መጣ፤ አላዱ የብር እኩሌታ፣ ሩቡ፣ ተሙኑም ከስምንት አንዱ፣ ከዚያም በታች ገርሽ ተከተሉ። ለትንሹ ገበያ አሞሌን ይተካል ተብሎ ተስፋ የተደረገው ይህ ዝርዝር ነው።

ገበያው ግን የንጉሡን መልክ ከንግሥቲቱ አላስበለጠም። በየጠረፉና በየገጠሩ ሰው ጠገራውን መረጠ፤ የምኒልክን ብር ያለ ቅናሽ የማይቀበልም ነበረ። ክብደቱና ጥራቱ እኩል ሆኖ ሳለ እንዲህ መሆኑ ዛሬ ለሚሰማው ሰው የአገር ፍቅር ማነስ ይመስል ይሆናል፤ እውነቱ ግን ከላይ እንደ ተናገርሁት ነው፤ ባላገሩ የለመደው ዘጠኙን ነጠብጣብ ነው፤ አዲሱን ገንዘብ ጐረቤቱ እንደሚቀበለው ገና አላረጋገጠም። በ1898 ዓ.ም. የተከፈተው የአቢሲኒያ ባንክም የምኒልክን ብር ለማስለመድ ጥሮ ሳይሳካለት ቀርቶ፣ ጠገራ ከውጭ ማስመጣቱን ለመቀጠል ተገዷል። የዓለም የብር ዋጋ እ.ኤ.አ. ከ1870ዎቹ ጀምሮ፣ ጀርመን ወደ ወርቅ ስለ ዞረችና ሌሎችም ስለ ተከተሏት፣ እየወረደ መምጣቱም ለአገራችን ንግድ ትልቅ ጉዳት ነበር፤ ጠገራው በቡሬ ገበያ ያው ጠገራ ሆኖ ሳለ በማርሴይና በሎንዶን ግን የሚገዛው ዕቃ ያንስ ነበርና።

በጎጃም የብር ነገር ሲነሣ የራስ ኃይሉ ተክለ ሃይማኖት ስም ሳይነሣ አይታለፍም። ራስ ኃይሉ እስከ 1924 ዓ.ም. ድረስ ጎጃምን ሲገዙ በሀብት መሰብሰብ ስማቸው የገነነ፣ በአዲስ አበባም ሲኒማ ቤትና ታክሲ ሳይቀር በማሠራት የታወቁ መስፍን ነበሩ። በግብሩ ብዛት የተማረረው ባላገር ብሩን በገንቦ ከትቶ ከምድር በታች መቅበሩ ከዚህ ጋር የተያያዘ ልማድ ነው። የቀበረውም ሰው ስፍራውን ለልጁ ሳይነግር ሲሞት፣ ብሩ የሞፈር ወይም የጐርፍ ዕጣ ይሆናል። ዛሬ ከመሬት ወጣ እየተባለ ወደ ገበያ ከሚመጣው ጠገራ ብዙው የዚህ ዘመን ፍርሀት ትርፍ ሳይሆን አይቀርም።

ጣሊያን በ1928 ዓ.ም. አገራችንን በወረረ ጊዜ የወረቀት ሊሬውን ይዞ መጣ። ሊሬውን የሚቀበለው አላገኘም። ከወረራው አስቀድሞ ሙሶሊኒ የጠገራውን ማኅተም ከኦስትሪያ መንግሥት ጠይቆ ተቀብሎ ስለ ነበረ፣ ብሩ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በሮማ ይመታ ጀመር፤ እንግሊዝና ፈረንሳይም የንግድ ድርሻቸው እንዳይቀር በሎንዶንና በፓሪስ፣ ቤልጅየም በብሩሴል፣ ኋላም በቦምቤይ ማስመታት ያዙ። አንዲት የሞተች ንግሥት በጠላቶችም በወዳጆችም ዘንድ በአንድ ዘመን ስትመታ ኖረች ማለት ነው። በ1933 ዓ.ም. ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በሱዳን በኩል ተመልሰው በበላያ ወደ ቡሬ ሲጓዙ፣ የጊዴዎን ጦር የተባለው የዊንጌት ሠራዊትም ከአርበኞቹ ጋር ሲተባበር፣ በግመሎቹ ላይ ከጥይቱ ጋር የተጫነው ይኸው ጠገራ ነበር፤ ስንቅ የሚገዛውም፣ አጋሰስ የሚከራየውም በእርሱ ነው። በቡሬና በደምበጫ፣ ቀድሞ ውጀት ትባል በነበረችውም በፍኖተ ሰላም አካባቢ በእጃችን የሚገኘው ጠገራ ሲመረመር ከሮማ፣ ከሎንዶንና ከቦምቤይ የተመታው መብዛቱ ቢታይ አያስገርምም።

ሐምሌ 16 ቀን 1937 ዓ.ም. የወጣው የገንዘብ ዐዋጅ ይህን ዘመን ዘጋው። አዲሱ የኢትዮጵያ ብር ወረቀትና ሳንቲም ሆኖ መጣ፤ ጠገራውም ሕጋዊ ገንዘብነቱ ቀረ። ሆኖም መንግሥቱ የሕዝቡን ልማድ ስለሚያውቅ 50 ሳንቲሙን ብር አድርጎ፣ የ1936 ዓ.ም. ዓመት አስጽፎበት በፊላደልፊያ አስመትቶ አወጣ፤ አሜሪካኖች ለዚሁ የሚሆን ብር በጦርነቱ ጊዜ ርዳታ ሰጥተዋል። ሰዉም ሽልንግ አለው፤ አንዱ የኢትዮጵያ ብር በሁለት የምሥራቅ አፍሪካ ሽልንግ ይመነዘር ስለ ነበረ ነው፤ ስሙ እስከ ልጅ ልጆቻችን ዘልቋል። በዚህ ላይ አንዳንድ ብልጣ ብልጥ ክቡን የመዳብ 25 ሳንቲም ብር እየቀባ በሽልንግ ያሳልፈው ጀመር፤ መንግሥቱም የ25 ሳንቲሙን ጠርዝ አበባ አስመስሎ ወዲያና ወዲህ በማጕበጥ ተንኰሉን አቆመው። ስሙኒን በጣቱ ሲዳብስ ያደገ ሰው ሁሉ የያዘው የዚያን አጭበርባሪ መታሰቢያ መሆኑን ላያውቅ ይችላል።

ከዚያ ወዲህ ወረቀቱ በ1969፣ በ1990 እና በ2013 ዓ.ም. ተለወጠ፤ በየጊዜው ሰው ወረቀቱን ይዞ ወደ ባንክ ሲሮጥ፣ በገንቦ የተቀበረው ጠገራ ግን ምንም አልተነካም። በዓለም ገበያ የብር ዋጋ ግን ተነሥቶ የሚወድቅ ነገር ነው፤ በ1972 ዓ.ም. ሁለት የአሜሪካ ወንድማማቾች የዓለምን ብር እየገዙ በማከማቸታቸው የአንዱ ወቄት ዋጋ ወደ 50 ዶላር ደርሶ፣ ከሁለት ወር በኋላ ደግሞ ወረደ። የዓለም ገበያው ወቄት 31.1 ግራም ነውና፣ ከእኛ የጠገራ ወቄት ጋር መምታታት የለበትም፤ አንድ ጠገራ ከዚያ ወቄት ሦስት አራተኛውን ያህል ንጹሕ ብር ይይዛል። ስለዚህ የዕለቱን የግራም ዋጋ የሚያውቅ ሰው በ23.39 ቢያባዛ፣ ያረጀበትን ጥቂት ቀንሶ፣ አንጥረኛው ሊሰጠው የሚገባውን ዋጋ በሒሳብ ያገኘዋል። በማግኔት የሚሳብ፣ ድምፁ የማይዘልቅ፣ የጠርዙ ጽሕፈት የደነዘዘ ከሆነ ግን ሒሳቡን መጀመር አያስፈልግም።

ከገበዙ፣ ከነጋዴውና ከአንጥረኛው በኋላ የመጣው አራተኛ ገማች ግን ይህን ሒሳብ ያፈርሰዋል፤ እርሱም ሰብሳቢው ነው። ሰብሳቢ የብሩን ክብደት ሳይሆን ብርቅነቱን ይገዛል። ከ1780 ዘመን በጉንትስቡርግ የተመታውን ከኋለኛው ለመለየት የንስሩን ጅራት ላባ በመስተዋት ይቈጥራል፤ ገበያተኛው ባይተዋር ያደረገውን የምኒልክ ብር ደግሞ ከጠገራው በእጥፍና ከዚያም በላይ ይገዛዋል፤ በተለይም ጥቂት ብቻ የተመታውን የ1887ቱን። በቡሬ ገበያ ቅናሽ የተጠየቀበት ብር ዛሬ ተፈላጊ ሲሆን፣ ያኔ ሁሉ ያመነው ዛሬ በየስፍራው የሚገኝ ተራ ሆኖ ቀረ። ደግሞም ባላገሩ ለማሳመር ብሎ በሎሚና በአመድ፣ አልፎም በአሸዋ ያሻውን ብር ሰብሳቢው አይወደውም፤ በዘመን ብዛት የጠቈረውን ይመርጣል። የተበሳውን፣ ለድሪ መያዣ የተበየደበትንም እንዲሁ ዋጋውን ይቀንስበታል።

በአንድ የገበያ ቀን በቡሬ አንዲት አሮጊት ሁለት ጠገራ ይዘው በብር ሠሪ ደጅ ቆመው አይቻለሁ። አንዱ የተበሳ፣ ክር ያለበት ነው። ሠሪው ሁለቱንም መዝኖ፣ ድንጋዩ ላይ አንቃጭሎ፣ የተበሳውን ለየና፣ «እማሆይ፣ ይኸኛው ቀዳዳ አለበትና ያንሳል» አላቸው።

«ቀዳዳውን አባቴ ነው የበሳው፣ ለክርስትናዬ» አሉት።

«እሱስ ልክ ነው እማሆይ፤ ሰብሳቢው ግን አይገዛኝም፤ በኪሎ እንጂ።»

አሮጊቷ ብዙ አልተከራከሩም፤ የተበሳውን ከእጁ ተቀብለው ክሩን ባንገታቸው አግብተው ከነጠላቸው ሥር ሸሸጉትና፣ ሌላውን ሸጡ። ሠሪው የወረቀት ብሩን አንድ በአንድ ሲቈጥርላቸው፣ እርሳቸው ደግሞ እያንዳንዱን ተቀብለው ወደ ፀሐይ አቅንተው በወረቀቱ መካከል የሚያልፈውን ክር ይፈልጉ ጀመር፤ አንዱን ግን ሁለት ጊዜ ካገላበጡ በኋላ፣ «ይህን ለውጥልኝ ልጄ» ብለው መለሱለት።